መዳቡን በመርፌ መከተል

ሱቄን የዘጋሁት እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ሰው ሲጠይቀኝ "ደከመኝ" እላለሁ፤ ውሸት ነው፣ አልደከመኝም። የመበየጃው ጫፍ የጤፍ ፍሬ በምታክል ነጥብ ላይ ማረፍ ካቃተው የሬዲዮ ጠጋኝ ሥራው አልቋል ማለት ነው።

የቃሊቲ ማረሚያ ቤት ጠያቂዎች በሚያልፉበት መንገድ ዳር፣ በአንድ ሻይ ቤትና ሳሙናና ፌስታል በሚሸጥ ኪዮስክ መሃል በቆመች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጫለሁ። ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ የድምፅ ማጉያ፣ ኋላ ደግሞ የሳተላይት ዲሽ ሪሲቨር ጠግኛለሁ። ስዘጋ የሸኘኝ ሰው የለም። አከራዩ ቁልፉን ተቀብሎ "ቆርቆሮው የኔ ነው፣ ጠረጴዛውን ውሰድ" አለኝ። ጠረጴዛውን ወሰድኩት። አሁን መኝታ ቤቴ ውስጥ መስኮቱ ሥር ነው ያለው።

በዘጋሁ በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ሴት በሬን አንኳኳች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ጀርባዋ ላይ ጊታር አዝላለች።

"ጋሽ ደምሴ እርስዎ ነዎት?"

"ሱቁ ተዘግቷል።"

"አውቃለሁ፣ እዚያ ደርሼ ነው የመጣሁት። ባለ ሻይ ቤቷ ናት ቤትዎን ያሳየችኝ።"

"እንግዲያው መዘጋቱንም ነግራሻለች።"

"ነግራኛለች። ቁጡ እንደሆኑም ነግራኛለች።"

አስገባኋት። ጽዮን ትባላለች። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፤ ቂሊንጦ ከሚገኙት ፋብሪካዎች በአንዱ ዕቃ አሻጊ ናት፤ ቅዳሜና እሑድ ፈረቃ በሌላት ቀን ሠርግ ቤት ከሚጫወት ባንድ ጋር ጊታር ትመታለች። ከቦርሳዋ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል የብረት ሳጥን አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። የጊታር ፔዳል ነው። መሬት ላይ ይቀመጥና በእግር ይረገጣል፤ የጊታሩ ድምፅ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ወገን ሻካራ ሆኖ ይወጣል። ተሠርቶ የመጣ አይደለም። ቦርዱ ለብቻ፣ ዕቃው በላስቲክ ከረጢት፣ ሳጥኑ ባዶውን ሆኖ የሚሸጥ ተገጣጣሚ ነው። ከዱባይ በሰው አስመጥታ ራሷ ገጣጥማዋለች።

"ስረግጠው የታመመ ሰው ሳል ነው የሚያወጣው፤ ከዚያ ዝም ይላል። ሦስት ቦታ ወስጄዋለሁ። ሦስቱም ቦርዱ ይቀየር አሉኝ።"

እነሱ ሌላ ምን ያውቃሉ። የዛሬ ጠጋኝ ጠጋኝ አይደለም፣ ቦርድ ቀያሪ ነው። አምፖል የሚቀይር ሰው ኤሌክትሪሺያን ነኝ እንደማለቱ ነው። ይህን ልነግራት ስል ጥያቄ ቀደመኝ።

"ታዲያ የኔን ሱቅ ማን ነገረሽ?"

"አያቴ፣ ጋሽ ተረፈ። እሳቸው ናቸው የላኩኝ።"

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ተረፈን ካየኋቸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። ቤታቸው አቃቂ ነው፣ ከቤቴ በሚኒባስ ሁለት ፌርማታ። አንድ ዓይን ነው ያላቸው። ሌላኛውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ይህን ለማስረዳት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

አቃቂ የመጣሁት አጎቴ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ስለነበር ነው። የፋብሪካውን ስም አልጠራም። የመጀመሪያ ሥራዬ ከሞተሮች ላይ የጥጥ ብናኝ መጥረግ ነበር። ብናኙ ሞተሩ ውስጥ ከገባ ሞተሩ ይግላል፣ ከጋለ ይቃጠላል፣ ከተቃጠለ ጥፋቱ የጠራጊው ነው። ሁለት ዓመት ጠረግሁ። ከዚያ የኤሌክትሪክ ክፍሉ ኃላፊ ሰው ጎደለብኝ ብለው ወሰዱኝ። ጋሽ ተረፈ እሳቸው ናቸው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር የማይደጋግሙ ሰው። በምሳ ሰዓት የሠራተኛውን ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር፤ የሬዲዮ ሥራ የለመድኩት እዚያ ነው።

ልማዳቸውን ልንገር፤ ሙያዬ ማለት የሳቸው ልማድ ነው። ዕቃ ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ብሎኖቹን ሲፈቱ የሳጥኑን ክዳን ገልብጠው፣ የቀኙን ብሎን በቀኝ የግራውን በግራ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ያያሉ። አይነኩም። እኔ እጄን ከዘረጋሁ በክርናቸው ይመቱኛል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ "ኃይሉ ከየት ይገባል?" በጣቴ እስካላሳየኋቸው ድረስ ሌላ ወሬ የለም። ቀጥሎ ጎንበስ ብለው ያሸታሉ። የተቃጠለ ሬዚስተር ጠረኑ ሌላ ነው፣ የሞተር ሽቦ ሌላ ነው፣ የፈሰሰ ካፓሲተር ደግሞ የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል። ምሳ ሰዓት ላይ ሰዎቹ "ተረፈ ሬዲዮ ሊበላ ነው" ብለው ይስቁባቸው ነበር።

ከማሽተት በኋላ መርፌ ነው። የልብስ መርፌ ነው፤ ባለቀ እስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ተክለውታል። ቦርዱን ገልብጠው፣ መዳቡ የተዘረጋበትን መንገድ በመርፌው ጫፍ እየተከተሉ በካርቶን ላይ ይስላሉ። እንድስልም አስተማሩኝ፤ ግን ማንበብ አልችልም ነበር። ይህን ያውቃሉ፣ አንድም ቀን አልተናገሩትም። ፊደል የማይፈልግ ምልክት ነው የሰጡኝ። ኤሌክትሪኩን የሚገታው ሬዚስተር ማበጠሪያ ነው። ካፓሲተር ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ግድግዳዎች። ድምፁን የሚያጎላው ትራንዚስተር ሦስት እግር ስላለው ጉልቻ። ሁሉም ነገር ዞሮ ዞሮ የሚገባበትን መስመር ደግሞ ወንዝ ይሉታል። አቃቂ ወንዝን ማለታቸው ነው፤ የፋብሪካውም የመንደሩም እጣቢ መጨረሻው እዚያ ነው። "ወንዙን ወፍራም አድርገህ ሣል" ይሉኛል። "ወንዙ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ቤት አይሠራም።"

በዚህ ምልክት አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ። ፊደል ባልቆጠርኩበት በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ዕቃ ገልብጬ ገጥሜ አላውቅም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ማንበብ የተማርኩት በንዴት ነው። የፈረቃ ኃላፊው አንድ ቀን ወረቀት ይዞ መጥቶ "የተረከብከው መሣሪያ ዝርዝር ነው፣ አሻራህን አድርግ" አለኝ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳረፍኩ። ወረቀቱ ለካ አንድ የተቃጠለ ሞተር በኔ ቸልተኝነት ነው የሚል ነበር። ደመወዜ ተቆረጠ፤ እሱ ይቅር። ኃላፊው ሲያገኘኝ "አውራ ጣቱ እንዴት ነው?" ይለኝ ነበር። ይህ ግን አይቀርም። ቀበሌው አዳራሽ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። የሕፃናት ዴስክ ሥር ጉልበቴ አልገባ እያለኝ ሀ ሁ ቆጠርኩ። ከአማርኛው ቀጥሎ የፈረንጁን ፊደልም ለየሁ። በሁለት ዓመት የሳሙና መጠቅለያ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የአውቶቡስ ታፔላ የማላነበው የለም።

ያኔ ያልነበረብኝ በሽታ ያዘኝ። የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት መሰለኝ። ተታልዬ የኖርኩት ማንበብ ስለማልችል ከሆነ፣ አሁን ማንበብ ስለምችል የሚያታልለኝ የለም ብዬ አሰብኩ። ቦርዱ ላይ በነጭ ቀለም የዕቃው ስም ታትሟል፤ የፕላስና የማይነስ ምልክት ታትሟል። ታዲያ መርፌ ምን ይሠራል? መርፌ የመሃይም ነው። መርፌዬን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ጋሽ ተረፈ አዩኝ። "ደምሴ፣ ጽሑፉን ሰው ነው የጻፈው" አሉ። "ኤሌክትሪኩ የሚሄደው በመዳቡ ነው። ማንበብ አያውቅም።"

እኔ ግን የተሰደብኩ መሰለኝ።

ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ሁለታችንም ወጣን፤ ቃሊቲ አብረን ሱቅ ከፈትን። አንድ ቀን የዕድር ማጉያ መጣ፤ ለቀብርና ለስብሰባ የሚጠቀሙበት ነው። ከኛ በፊት የነካው ሰው የኃይሉን ትልቅ ካፓሲተር ነቅሎ ጥሎታል፤ ቦታው ባዶ ነው። ይህ ካፓሲተር የድልህ ጣሳ የሚመስል ነገር ነው፤ ኤሌክትሪኩን አጠራቅሞ ያረጋጋል። አንዱ እግሩ ፕላስ ነው፣ አንዱ ማይነስ። ከተገለበጠ ለትንሽ ጊዜ ይታገሣል፣ ከዚያ ይሞቃል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ባዶው ቦታ ላይ የፕላስ ምልክት በነጭ ቀለም ታትሟል። አዲስ ገዝቼ ፕላሱን በፕላስ አድርጌ በየድኩት። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።

ጋሽ ተረፈ ሶኬቱን ከመሰካታቸው በፊት "ኃይሉን ተከትለኸዋል?" አሉኝ።

"አዎ" አልኩ።

አልተከተልኩም። አንብቤዋለሁ፤ ለኔ ያው መስሎኝ ነበር።

ሰኩት። ማጉያው ማጉረምረም ጀመረ። ትንሽ ቆየ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ሊያሸቱ ጎንበስ አሉ።

ፍንዳታው የሚያክለው ጎማ ሲፈነዳ ነው። ስለ ደሙ አልጽፍም። የሆስፒታሉ ሐኪም ግራ ዓይናቸው እንደማይተርፍ ነገረን። በማግስቱ ብቻቸውን ተኝተው ስጠይቃቸው፣ ፊታቸው ግማሹ ተጠቅልሎ፣ በቀሪው ዓይናቸው አዩኝና "ተከትለኸው ነበር?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ። ካፓሲተሩ የተበላሸ ነው የሸጡልኝ።"

"እሺ" አሉ።

ያን ቀን ወደ ሱቅ ተመልሼ መርፌውን ከመሳቢያ አወጣሁ። አሥር ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። የማይነሱ እግር ወደ ወንዙ መግባት ሲገባው የፕላሱ ነበር የሚገባው። ቦርዱን የሠሩት ሰዎች ምልክቱን ገልብጠው አትመውታል። ሰው ነው የጻፈው። ማጉያውን ጥጉ ላይ ትቼ፣ መሣሪያዬን ይዤ ወጣሁ፤ ለብቻዬ ሌላ ሱቅ ያዝኩ፤ ወደዚያ ሱቅም ወደሳቸው ቤትም አልተመለስኩም። በየበዓሉ ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ሃያ ዓመት አለፈ። ሰው ምክንያት አያጣም፤ የፈረቃ ኃላፊውን እረግም ነበር፣ ቦርድ አታሚዎቹን እረግም ነበር። የራሴን "አዎ" ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እንግዲህ ጽዮን ያን ስም ይዛ ነው ጠረጴዛዬ ፊት የቆመችው።

"ምን ብለው ነው የላኩሽ?"

"ደምሴ ዘንድ ውሰጂው፣ ሌላ ሰው አይነካው ብለው ነው። ደግሞ ሥዕሉን ራሱ ያምጣልኝ ብለዋል። የምን ሥዕል እንደሆነ አልገባኝም።"

"እኔ ገብቶኛል።"

እጄን ታጠብኩ። ብሎኖቹን ፈትቼ ክዳኑ ላይ በየቦታቸው አስቀመጥኩ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ አየሁ። ጽዮን አብራኝ ቆማ አየች፤ ትንሽ ቆይታ "እየጸለዩ ነው?" አለችኝ። ብየዳዋ ንጹሕ ነው፤ ለዕቃ አሻጊ ደህና እጅ አላት። አሸተትኩ፤ ምንም አልተቃጠለም።

ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። ቦርዱ ትንሽ ነው፣ የክብሪት ሳጥን ቢያክል ነው፤ ግን መዳቡ በአረንጓዴ ቀለም ተሸፍኗል፤ የኔ ዓይንም እንደ ድሮው አይደለም። ጽዮን ቦርዱን በመስኮቱ ፀሐይ ላይ ከፍ አድርጋ ትይዝልኛለች፤ መዳቡ እንደ ቅጠል ጅማት ጥላው ይታያል። በመርፌ እከተላለሁ፣ በቴስተር መለኪያ አረጋግጣለሁ፣ እስላለሁ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ማበጠሪያዎቼ የተሰበሩ ይመስላሉ።

"ይሄ ምንድነው፣ ጉልቻ?" አለች።

"ትራንዚስተር ነው።"

"እኔ ከኢንተርኔት ያወረድኩት ሥዕል አለ እኮ፣ ላሳይዎት?"

"ኢንተርኔቱ ይሄን ቦርድ አይቶታል?"

"አላየውም።"

"እንግዲያው ዝም ብለሽ ያዢ።"

በሦስተኛው ቅዳሜ ሥዕሉ አለቀ፤ ጥፋቱም ያን ጊዜ ታየ። ሁለት ትራንዚስተሮች አሉት። ቦርዱ ላይ ለእያንዳንዱ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ታትሟል። ጽዮን የትራንዚስተሩን ጠፍጣፋ ጎን ከሥዕሉ ጠፍጣፋ ጎን ጋር ገጥማ በይዳዋለች። ትእዛዙን በትክክል ፈጽማለች። እኔ ግን በመርፌ ስከተል ወደ ወንዙ የሚወርደው የቀኙ እግር ነው። ከሁለቱ አንዱን አስነቅያት በቴስተሩ ሦስት ቀዳዳ ላይ ብንለካው ወደ ወንዝ መውረድ ያለበት የግራ እግሩ ሆነ።

"ግን የታተመው እንዲህ ነው የሚለው" አለች።

"ያተመው ሰው ሌላ ዓይነት ትራንዚስተር አስቦ ነው። ከረጢቱን የሞላው ሰው ደግሞ ሌላ ከተተልሽ። መልካቸው አንድ ነው፤ የእግራቸው ቅደም ተከተል ይለያያል።"

"ስለዚህ እኔ አልተሳሳትኩም።"

"ተሳስተሻል። የታተመውን አምነሻል።"

ቀና ብላ አየችኝ። ይህን ስል ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም። መበየጃውን ሰጠኋትና ሁለቱንም ገልብጣ በየደቻቸው፤ እኔ "ቆዪ፣ አሁን አንሺ" ከማለት በቀር አልነካሁም። ጊታሩን ከትንሽ ማጉያ ጋር አገናኘችና ፔዳሉን በእጇ ተጫነችው። አንድ ክር መታች። የቤቴ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ጎረቤቴ በአጥር በኩል "ደምሴ፣ ወፍጮ ተከልክ እንዴ?" ብሎ ጮኸ።

"የምትፈልጊው ይሄን ነው?" አልኳት።

"ይሄን ነው" አለች፤ ጥርሷ አልከደን አላት።

"ሦስት ቅዳሜ ለዚህ ነው የለፋሁት?"

ሥዕሉን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። በማግስቱ እሑድ ከሷ ጋር በሚኒባስ አቃቂ ሄድኩ። ብቻዬን ብሆን እሄድ ነበር ብዬ አላስብም፤ እውነቱ ይሄው ነው።

ጋሽ ተረፈ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አርጅተዋል። ሰላም ስላቸው እጄን ያዙና መንቀጥቀጡ ተሰምቷቸው ትንሽ አቆዩት። ስለ ሃያው ዓመት ምንም አልጠየቁኝም።

"ሥዕሉን" አሉ።

ሰጠኋቸው። ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠግተው በጣታቸው መከተል ጀመሩ። ጽዮን "አያቴ፣ ሠርቷል እኮ፣ ላሰማዎት?" አለች።

"መሥራቱን አልጠየቅሁም።"

ጉልቻዎቹን አለፉ። ወንዙን አለፉ፤ "ወፍራም ነው፣ ጥሩ" አሉ። የወረቀቱ ግራ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። እዚያ የባትሪው ሁለት ሽቦዎች ከቦርዱ ጋር የሚገናኙበት ቦታ ነው። አንዷ ጋ ፕላስ፣ አንዷ ጋ ማይነስ ጽፌአለሁ።

"ኃይሉ ከየት ይገባል?"

"ከዚያ ጋሼ፣ ጣትዎ ካለበት።"

"ተከትለኸዋል?"

ቦርዱን በሐሳቤ ገለበጥኩት። ከእያንዳንዷ ማበጠሪያ ጀርባ መርፌዬ ሄዳለች። እዚያ ቦታ ግን አልሄደችም። ቦርዱ ላይ ፕላስና ማይነስ ታትሞ አየሁ፤ አይቼ እንዳለ ጻፍኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ምልክት ስረግም ኖሬ፣ ዞሬ እሱኑ አመንኩ።

"አልተከተልኩም" አልኩ። "ተጽፎ አይቼ ነው።"

"ያን ጊዜስ?"

ጽዮን አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ታያለች።

"ያን ጊዜም አልተከተልኩም። ተጽፎ አይቼ ነው። ካፓሲተሩ ደህና ነበር።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ከሆስፒታል ስወጣ ማጉያው እዚያው ጥጉ ላይ ነበር። በአንድ ዓይን ተከተልኩት። ስትመጣ ልጠይቅህ ነበር፤ አልመጣህም።"

መልስ አልጠበቁም። "ጽዮን፣ ውኃና ሳሙና አምጪ" አሉ። ሁለታችንም ታጠብን። ፔዳሉን በመካከላችን አስቀምጬ ባትሪውን አወጣሁ፣ ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ክዳኑ ላይ በየቦታቸው አኖርኳቸው። መርፌዋን ከኪሴ አውጥቼ የቀዩ ሽቦ ብየዳ ላይ አሳረፍኩ። ከዚያ ጀምሬ መዳቡን ተከተልኩ።

እሳቸው ጎንበስ አሉ። አፍንጫቸው እጄ አጠገብ ደረሰ።

"ጋሼ፣ ትንሽ ራቅ ይበሉ" አልኩ።

"ባትሪው ወጥቷል?"

"ወጥቷል።"

"አየኸው ወይስ አነበብከው?"

"በእጄ ይዤዋለሁ።"

"ታዲያ ምን ያርቀኛል" አሉና አሸተቱ።